ማሲንቆ ልላክ ወይስ ይቅር?

ጥያቄው ከአዘዞ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ወንዱ 11፣ ሴቷ 8 ዓመቷ ነው። እዚያ ያሉ ጎንደሬዎች ለልጆቻቸው የባህል ሙዚቃ ቡድን ሊያቋቁሙ ነው። ‹ሦስት ማሲንቆና አንድ ትልቅ ከበሮ ገዝተሽ ላኪልን› አለችኝ። አብሯት የሚሠራ ሰው ግን ‹አሜሪካ የራሷ የባህል ሙዚቃ የላትም፤ የመጣው ሁሉ ቀልጦ ነው የቀረው፤ የእናንተም በአንድ ትውልድ ያልቃል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ› አላት። የቡድኑ አሠልጣኝ ደግሞ ‹ማሲንቆ ለልጅ ከባድ ነው፣ ኪቦርድ ይበቃል› ይላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ‹ኪቦርድ ከገባበትማ ሞቷል! እንደ ድሮው ንጹሑ ካልሆነ ጭራሽ ይቅር› ብሎ ተቆጣ። ማንን ልስማ? ልላክ ወይስ ይቅር?»

ይላኩ። ግን ሦስት አይደለም፣ አንድ ማሲንቆ ይበቃል። ከበሮውን ይተዉት። ከሁለቱም በፊት መላክ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ከታች አነሳዋለሁ። ባልደረባዋም፣ አሠልጣኙም፣ አባትዎም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። ነገር ግን ሦስቱም የሚከራከሩት ስለ መሣሪያ ነው። የጎንደር ሙዚቃ ባሕር ማዶ ቢጠፋ የሚጠፋው መሣሪያ አጥቶ አይደለም። ቀድሞ የሚጠፋው ግጥሙ ነው።

መጀመሪያ የባልደረባዋን ነገር እንጨርስ። «አሜሪካ የራሷ የባህል ሙዚቃ የላትም» የሚለው ወሬ እዚህ ጎንደርም ይወራል። ስህተት ነው። ከስደተኞቹ በፊት የነበሩ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ዘፈናቸው ዛሬም አለ። በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ አፍሪካውያን አሉ፤ እነሱን «ስደተኛ» ማለትም ይከብዳል። ባንጆ የሚባለውን ባለክር መሣሪያ ያውቁት ይሆናል። ፊልም ላይ የነጭ ገበሬ መሣሪያ ሆኖ ነው የሚታየው። ሥሩ ግን ምዕራብ አፍሪካ ነው። ባሪያ ሆነው የተወሰዱት ሰዎች ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው፣ እንጀራ ፍለጋ ሳይሆን በግድ በሄዱበት አገር፣ የሚያውቁትን መሣሪያ እንደገና ሠሩት። በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ አኮንቲንግ የሚባለው ዘመዱ ዛሬም ይመታል። ነጮቹ ባንጆን በብዛት የያዙት ቆይተው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ የሄዱት ደግሞ ቫዮሊናቸውንና ረዣዥም የትረካ ዘፈኖቻቸውን ይዘው አፓላቺያ ተራሮች ላይ ሰፈሩ። ባንጆውና ቫዮሊኑ አብረው መጫወት ጀመሩ። ዛሬ «የአሜሪካ የባህል ሙዚቃ» ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው።

ስለዚህ «ሁሉም ቀለጠ» አይባልም። አንዳንዱ ቀልጧል። አንዳንዱ ተቀይሯል። አንዳንዱ ደግሞ ለአገር ቤቱ ተርፏል። ልዩነቱ ከምን መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ነው።

የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶችን እንውሰድ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በብዛት አሜሪካ ገቡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1924 አሜሪካ በሩን የሚያጠብብ ሕግ አወጣችና ፍሰቱ ቆመ። እነዚህ ሰዎች ለሠርጋቸው ክሌዝመር የሚባል ሙዚቃ ነበራቸው፤ ቫዮሊንና ክላርኔት የሚመራው። ከሙዚቀኞቹ ጋር ደግሞ ባድኽን የሚባል ሰው ይቆማል። ሥራው ምን መሰለዎት? ሙሽራዋን ፊት ለፊት እያየ ግጥም ይደረድራል። መጀመሪያ ያስለቅሳታል፣ ቀጥሎ ያስቃታል። እንግዶቹን በስማቸው እየጠራ ያሞግሳል፣ ነካ ያደርጋል። ይህን ሁሉ በይዲሽ ቋንቋ፣ እዚያው በቆመበት፣ ቤት እያስመታ ነው። ይህን ሲያነቡ አዝማሪ ዓይንዎ ላይ ካልመጣ ጎንደር አላደጉም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ይመልከቱ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ አደጉ። ባድኽኑ ቀስ በቀስ ከሠርጉ ወጣ። ማን ይሳቅለት? ነገሩ የሚገባቸው አያቶች ብቻ ሆኑ። ዜማው ግን ከእሱ በኋላም ትንሽ ቆየ፤ ለመጨፈር ትርጉም አያስፈልግማ። እሱም እየደበዘዘ ሄደ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የልጅ ልጆቹ ተነሡ። አሮጌ ሸክላ እየሰሙ፣ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌ ሙዚቀኞች ደጅ እየጠኑ ሙዚቃውን መለሱት። ዛሬ ክሌዝመር በብዙ አገር ይጫወታል። ባድኽኑስ? ብሩክሊን ውስጥ ሐሲዲም የሚባሉት አጥባቂ አይሁዶች ሠርግ ላይ አለ። እነሱ ይዲሽን እስከ ዛሬ ቤታቸው ይናገራሉ። ከእነሱ ውጭ ግን ማግኘት ይከብዳል። ዜማ ከሸክላ ላይ ይመለሳል። እዚያው ቆሞ ግጥም የሚፈጥር አፍ ግን ከሸክላ አይመለስም።

ሉዊዚያና ውስጥ ያሉት ኬጀኖችም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። አያቶቻቸው ዛሬ ካናዳ በሆነው አካዲያ የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ነበሩ። ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች አባረሯቸው፤ ብዙዎቹ ተንከራተው ተንከራተው ሉዊዚያና ደረሱ። ሙዚቃቸው ጠንካራ ነው። ነገር ግን የግዛቱ የ1921 ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ዛሬ ያን ሙዚቃ አሳምረው የሚጫወቱ ወጣቶች ሞልተዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ግን የሚዘፍኑትን ፈረንሳይኛ በቃላቸው ይዘውት ነው እንጂ ተነጋግረውበት አያውቁም። የድሮውን ዘፈን በደንብ ይዘፍናሉ። አዲስ መግጠም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ማሲንቆ እንምጣ። ማሲንቆ አንድ ክር ያለው መሣሪያ ነው። ለብቻው ረጅም ሰዓት ሰው ቁጭ አድርጎ ያዝናናል ብዬ አልዋሽዎትም። ጉልበቱ ያለው ከአፍ ጋር ሲሆን ነው። አዝማሪው ቤቱን ይቃኛል፤ ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን እንደኮራ፣ ማን እንደከፋው ያያል። ከዚያ ይገጥማል። ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ተጋባዡም ዝም ብሎ አይሰማም። «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ይህ ልማድ ቋንቋ በሌለበት አይሠራም። አማርኛ የማይሰማ ልጅ ማሲንቆ ቢይዝ ትዝታን ሊጫወት ይችላል። አዝማሪ ግን አይሆንም። ለዚህ ነው የአሠልጣኙም የአባትዎም ክርክር ዋናውን የሳተው።

እንግዲህ ከማሲንቆው በፊት የሚላከው አባትዎ ናቸው። በአውሮፕላን አይደለም፣ በስልክ። በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ያግኟቸው። ተረት ብቻ አያውሩላቸው፤ ስንኝ ይስጧቸው። እሳቸው «ተቀበል!» ይበሉ፣ ልጁ ይቀበል። መጀመሪያ ልጁ የአያቱን ስንኝ ይድገም። ከወር ከሁለት ወር በኋላ አያቱ አንዱን መስመር ብቻ ይስጡት፤ ሁለተኛውን እሱ ይግጠመው። ስለ ሩቅ ዘመን ጀግና መሆን የለበትም። ልጁ ስለሚያየው ነገር ይሁን፤ ስለ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ፣ ስለ በረዶው። ለምሳሌ ያህል አንድ ልሞክር፦

ውጭው በረዶ ነው ደጃችን ነጭ ለብሷል፣
አያቴ ከጎንደር ጋቢ ልካ መስሏል።

ቀላል ናት፣ ቤት ትመታለች፣ ስድስት ስድስት እየሆነች ትዘፈናለች። የ11 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሊያመጣ ይችላል። አማርኛው ቢሰባበርም አይታረም። ልጅ በገጠመ ቁጥር ከታረመ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። እንግሊዝኛ ቃል ጣልቃ ቢያስገባም ይለፉት። አዝማሪም እኮ ከተማ ውስጥ የሰማውን ቃል ሁሉ ያስገባል።

ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ጨዋታ አለልን፤ ሆያ ሆዬ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያሞግሱታል፣ ካልሰጠም ነገር ጣል ያደርጉበታል። የአዝማሪነት አንደኛ ክፍል ይኸው ነው። ለሴቷ ልጅ አበባዬሆሽ አለላት። እህትዎ ያሉበት አካባቢ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ነው፤ ቡሄ ሲደርስ ሦስት አራት ቤት ማዞር አይከብድም። ለባለቤቶቹ አስቀድሞ መደወል ብቻ ነው፤ እዚያ ሳይነግሩ የሰው በር ማንኳኳት አይወደድም።

የኪቦርዱን ነገር በአጭሩ አልዘለውም፤ አባትዎ የተቆጡት በምክንያት ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ከጎን ይነካል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ድምፁ ይንሸራተታል፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ እንደ ሰው ጉሮሮ ያልፋል። ኪቦርድ ደግሞ 12 የተቆረጡ ድምፆች አሉት፤ በመካከላቸው መሄጃ የለም። ትዝታና ባቲ የሚባሉትን ቅኝቶች ጆሮ ሳይቆረቁር ሊያወጣ ይችላል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ላይ ግን የማሲንቆው ጣትና የኪቦርዱ ቁልፍ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ልጅ ጆሮው በኪቦርድ ከተቀረጸ በኋላ ማሲንቆ ሲሰማ «ተበላሽቷል» ይላል። ይህን እዚህ ከተማችን ውስጥም እያየነው ነው፤ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ያም ሆኖ «ኪቦርድ ከገባ ሞቷል» አይደለም። ኬጀኖቹን እንደገና ልጥራቸው። አኮርዲዮን ጀርመን ሠራሽ ነው። ሉዊዚያና ሲገባ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ያለ አኮርዲዮን ኬጀን ሙዚቃ ማሰብ አይቻልም። ቴክሳስ ውስጥም የሜክሲኮ ልጆች ከጀርመንና ከቼክ ሰፋሪዎች አኮርዲዮን ወስደው የራሳቸውን ሙዚቃ ሠርተውበታል፤ ኮንሁንቶ ይሉታል። ስለዚህ እንግዳ መሣሪያ አይገድልም። ዋጋ ግን ያስከፍላል። የኬጀኖቹ አኮርዲዮን ጥቂት ቁልፍ ብቻ ያለው ነው። በቫዮሊን ይጫወቱ ከነበሩት የድሮ ዜማዎች ብዙዎቹ በእሱ አልወጣ አሉ። ያልወጡት ተተዉ። መሣሪያው መሪ ሲሆን የሚቀረው እሱ የሚችለው ዜማ ብቻ ነው። እኛም ዘንድ ይህ ይመጣል፤ ኪቦርዱ ከመራ መጀመሪያ የሚጠፋው አንቺሆዬ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

እና ሕጉ ይህ ይሁን፦ ኪቦርዱ ይኑር፣ ግን ይከተል። ልጆቹ ዜማውን መጀመሪያ በአፋቸው ይያዙ፣ ቀጥሎ በክራር ወይም በማሲንቆ፣ ኪቦርዱ በመጨረሻ ይግባ። ቀድሞ የተቀዳውን የከበሮ ምት አዝራሩን ተጭኖ ማስነሣት ጭራሽ ይቅር። እሱ ልጆቹን ማጨብጨብ እንኳ ያስረሳቸዋል።

የአባትዎ «ንጹሕ» የሚለው ቃል ግን አይስማማኝም። ጎንደር ራሷ ከተቆረቆረች ከ1636 ገደማ ጀምሮ ስንት ዓይነት ሰው ሲገባባትና ሲወጣባት የኖረች ከተማ ናት። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የቤተ ክህነት ተማሪው፣ አዲስ ዓለም ያለው እስላም፣ ወለቃ የነበረው ቤተ እስራኤል፣ ቅማንቱ። አዝማሪ ከሁሉም ሰምቶ፣ ለሁሉም ዘፍኖ ነው ያደረው። ንጹሕ ፍለጋ የሄደ ሰው ግማሹን ትቶ ይመጣል። ሴሲል ሻርፕ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1916 እስከ 1918 አፓላቺያ ተራሮች ላይ ዘፈን ሲሰበስብ ነበር። ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የሚፈልገው ግን ያልተነካ የእንግሊዝ ዘፈን ነበር። ስለዚህ አጠገቡ ሲመታ የነበረውን ባንጆና የጥቁሮቹን ዘፈን ብዙም አልፈለገውም። አሁን ተመራማሪዎች የሚቆጩት ባልጻፈው ነው።

ደግሞም ስደተኛው ሁልጊዜ አጥፊ አይደለም። ፍራንሲስ ኦኒል የሚባል አየርላንዳዊ ቺካጎ ውስጥ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ከአገሩ ልጆች፣ አንዳንዶቹ ከሥሩ ያሉ ፖሊሶች ነበሩ፣ ዜማ እየለቀመ 1,850 ዜማዎችን በ1903 አሳተመ። መጽሐፉ ወደ አየርላንድ ተመልሶ ገባና ለአገር ቤቱ ተጫዋቾችም ዋና መማሪያ ሆነ። ማይክል ኮልማን የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ደግሞ በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ሆኖ ሸክላ አስቀረጸ። ሸክላዎቹ አየርላንድ ሲደርሱ የገጠሩ ሰው ሁሉ እንደ እሱ መጫወት ፈለገ። ይህኛው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የየአካባቢው ስልት በአንድ ሰው ስልት ተዋጠ። የእኛም ልጆች በዩቲዩብ አንድ ታዋቂ ተጫዋች ብቻ እያዩ ቢማሩ ይኸው ነው የሚሆነው።

ማሲንቆ ለልጅ ከባድ ነው? አዎ፣ አሠልጣኙ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ደጋኑን ማስኬድ ብቻ ወራት ይወስዳል፤ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ድምፅ ጎረቤት ያስነሣል። ለ8 ዓመቷ ክራር ይሻላታል። ክሮቹ ተቃኝተው ይጠብቋታል፤ በነካች ቁጥር የሚያምር ነገር ይወጣል። ወንዱ ልጅ ክንዱ ደርሶለታል፤ ከወደደው ማሲንቆ ይጀምር። አንድ ማሲንቆ ይበቃል ያልኩት ለዚህ ነው። ሦስት ቢልኩ ሁለቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

«እዚያ ተወልዶ ማሲንቆ አይሆንለትም» የሚል ካለ ግን ይህን ይንገሩልኝ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለው የባህል ሙዚቃ ቡድን በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ሲመሠረት መሥራቹ የግብፅ ተወላጁ ሐሊም ኤል-ዳብ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መጣ። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ማሲንቆ ተማረ፤ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 ከቡድኑ ጋር አሜሪካን እየዞረ ተጫወተ። ደም አይደለም ያስተማረው፤ መምህር ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ማሲንቆ ቆዳ ነው፣ እንጨት ነው፣ የፈረስ ጭራ ነው። ሜሪላንድ በጋው ወበቃም ነው፤ ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይሞታል። ክረምቱ ደግሞ ቤቱ በማሞቂያ ይደርቃል፤ ቆዳው ይወጠርና ይቀደዳል። ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከመስኮት ፀሐይ ሥርና ከመኪና የዕቃ መጫኛ ይራቅ። የቤቱ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መለኪያው እዚያ በርካሽ ይገኛል። ሲያስቀምጡት ክሩን ላላ ያድርጉት። የደጋኑ ጭራ ሲያልቅ ቫዮሊን የሚጠግን ሰው ይቀይረዋል። የሚቀባው ሙጫም የቫዮሊኑ ይሆናል።

ከበሮውን ይተዉት ያልኩት ክብደቱን ፈርቼ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ከእንስሳ የተሠራ ነገር ሲገባ ትፈትሻለች፤ በተለይ በደንብ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ አይወደድም። ያለ ምክንያትም አይደለም። በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ በመጣ ጥሬ ቆዳ ከበሮ ሲሠራ የነበረ ሰው በአባ ሰንጋ ታሟል። ማሲንቆውም ቆዳ አለውና ከመላክዎ በፊት እህትዎ የአገሪቱን እርሻ ሚኒስቴርና ጉምሩክ ደንብ ትጠይቅ። ጸጉሩ ያልተላጨ፣ የሚሸት ወይም ገና ያልደረቀ ቆዳ ያለው ማሲንቆ አይግዙ። በሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰውም ፎርሙ ላይ ያስመዝግብ፤ ደብቆ የተያዘ ይወረስበታል፣ ሊቀጣም ይችላል። ከበሮ እዚያው ይፈለግ። እስከዚያው ጭብጨባ ይበቃል።

መምህር የሌለው ማሲንቆ የቤት ጌጥ ነው። ጎንደር ካለ አዝማሪ ጋር በቪዲዮ መማር ይቻላል፤ እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ከሰዓት በኋላ ነው። ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ በኢንተርኔት እኩል መጫወት አይቻልም፣ ድምፁ ይዘገያል። መምህሩ ይጫወት፣ ልጁ ይድገም። በወር አንድ ጊዜ ግን በአካል የሚያርመው ሰው ያስፈልጋል፤ የደጋን አያያዝ በስክሪን አይስተካከልም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሐበሻ ሙዚቀኛ አይጠፋባቸውም። ለክፍያው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። የሜሪላንድ ግዛት የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ባህላዊ ጥበብ የሚያውቅ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር እንዲሠራ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። እህትዎ የማመልከቻውን ጊዜና መስፈርት ከራሳቸው ትጠይቅ። ባልደረባዋ «የላትም» ያላት አገር ለዚህ በጀት መድባለች እንግዲህ።

መድረክ ላይ ግን አይቸኩሉ። እዚያ ፌስቲቫሉ ብዙ ነው። ዋሽንግተን መሃል ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ የባህል ፌስቲቫል ይካሄዳል። የኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ ዝግጅትም ከ1984 ጀምሮ አለ። መታየቱ ክፋት የለውም። እንዲያውም ዱዊ ባልፋ የሚባለው ኬጀን ቫዮሊን ተጫዋች በ1964 ኒውፖርት በሚባለው የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብለት ነው አገሩ ተመልሶ ሙዚቃውን ለማዳን የተነሣው። ግን ለአሥር ደቂቃ መድረክ ብቻ የሚዘጋጅ ቡድን የሚማረው አሥር ደቂቃ ነው። ሁለት እስክስታ፣ አንድ የታወቀ ዘፈን፣ አለቀ። ልጆቹ መጀመሪያ ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ልደት ላይ ይጫወቱ። ዘመድ ፊት ስንኝ ይወርውሩ። ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ፖልካ የሚባለው የስሎቬኒያ ስደተኞች የጭፈራ ሙዚቃ ቋንቋው ከልጆቹ አፍ ከጠፋ በኋላም የኖረው ሠርግ ስላልተወው ነው።

ወሰኑንም ልንገርዎ። ይህን ሁሉ ቢያደርጉ እንኳ የእህትዎ የልጅ ልጆች ሰምና ወርቅ እየፈተሉ አዝማሪ ቤት ያድራሉ ብዬ ቃል አልገባም። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ቋንቋው ይሳሳል፤ ይህ በብዙዎቹ ላይ ደርሷል። ሊደርስ የሚችለው ዜማው፣ እስክስታው፣ ጥቂት ስንኞችና እንደገና ለመማር የሚያስችል ጆሮ ነው። ከእኛው ሰፈር ምሳሌ ላምጣ። በ1984፣ በ1985ና በ1991 ከዚህ አካባቢ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ስግድ የሚባለውን በዓላቸውን አምቦበር መንደር ላይ ያከብሩ ነበር። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አደረገው። ቄሶቹ ዛሬም በግዕዝ ይጸልያሉ። ከሚሰማቸው ወጣት አብዛኛው ቋንቋው አይገባውም፤ ግን ይመጣል። በዓሉ ስላለ ዜማው አለ። ለእናንተም በዓሉን መያዝ መሣሪያውን ከመያዝ ይቀድማል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባትዎ የሚያውቁትን ስንኝ፣ ቀረርቶ፣ የሠርግ ዘፈን በስልክ ይቅዱ። ዘፈኑን ብቻ አይቅዱ፤ የት እንደሰሙት፣ ለማን እንደተዘፈነ፣ ወርቁ ምን እንደሆነ ያናግሯቸው። አዝማሪም ከቀዱ አስፈቅደው፣ ከፍለው ይሁን፤ ስሙንም ይጻፉለት። ፌስቡክ ላይ ለመጫን ደግሞ ለብቻው ይጠይቁት፤ አዝማሪ ቤት ውስጥ የሚባለው ሁሉ ለአደባባይ የሚሆን አይደለም፣ ለልጅ የማይሆንም አለበት። ቅጂውን ለእህትዎ ከላኩ በኋላ ሁለት ወር ይጠብቁ። ልጁ በስልክ መቀበል ከጀመረ ማሲንቆውን ይግዙ። ካልጀመረ ገንዘቡ ለክራር ይሁን፤ ለታናሿ።